የዳኛው ትከሻ

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል። እትዬ ልኬ የቀናችው በአውራ ጣት ነው። ያውም በባዕድ አይደለም፣ በገዛ እናቷ ልጅ አውራ ጣት! የመቀሱ ቀለበት ውስጥ ገብቶ፣ ጨርቁን ሳያንገራግር ቀጭ ቀጭ እያደረገ የሚሄደውን ያንን ጣት ባየች ቁጥር «ምነው ባደነዘዘው» ትላለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ ደንግጣ «አፌን በቆረጠው» ትላለች። ከዚያ ቀና ብላ ያንኑ ጣት ማየት ነው።

እትዬ ልኬ እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባለ አንድ መስኮት ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የሰው ወገብና ትከሻ ስትለካ፣ አዲስ ልብስ አጥልቆ መስታወት ፊት የቆመ ሁሉ «ውይ፣ ልኬ!» ሲል ሲል ስሟ ሆኖ ቀረ። ታናሽ እህቷን ደግሞ ቤተሰቡ ሚጢጢ ይላታል። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የሱቁን በር የምትገባው ጎንበስ ብላ ነው፣ ግን ሚጢጢ ናት። መርፌ አያያዝ ያስተማረቻት፣ ስፌት ስታጣምም በማስመሪያ ጣቷን መታ እያደረገች ያቃናቻት እትዬ ልኬ ናት። ያንን አውራ ጣት አውራ ጣት ያደረገችው እሷው ናት ማለት ነው፤ ይሄም ያንገበግባታል።

ከሰባት ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ካውያውን ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ ቀኝ እጇ እንቢ አለ። ስትሮክ ነው አሉ። እግሯ በሁለት ወሩ ተመለሰላት። ምላሷም ተመለሰ፤ እሱ እንኳ ከመጀመሪያውም ብዙ አልራቀም ነበር። እጇ ግን ከትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራት ልጅ የጎማ ኳስ ሰጥታ «በቀን መቶ ጊዜ ጨምቂው፣ ተስፋ እንዳትቆርጪ» አለቻት። አራት ወር ጨመቀች። በአምስተኛው ወር «ምን ቆርጦኝ ነው ከጎማ ጋር የምታገለው!» ብላ አልጋ ሥር ወረወረችው። ማንም አልተቆጣትም።

ነገሩ እንግዲህ ይሄ ነው፤ ማንም አልተቆጣትም። ከታመመች ወዲህ ሰው ሁሉ ማር ሆነባት። ጎረቤቱ ማር፣ ዘመዱ ማር። ሚጢጢማ ጓዟን ጠቅልላ እህቷ ቤት ገብታ ጭራሽ የማር እንስራ ሆነች። ድሮ በአንዲት የቁልፍ ቀዳዳ ሦስት ቀን የሚኮራረፉ እህትማማቾች ነበሩ። አሁን እትዬ ልኬ ነጩን ጨርቅ ጥቁር ነው ብትል መልሱ «ልክ ነሽ እታለም» ነው። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ታስርላታለች፣ ቁልፏን ትቆልፍላታለች፣ ደግፋ ሱቅ ታመጣትና መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ታስቀምጣታለች። እዚያ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ የሰው ጣት ታያለች።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀራት፤ ዳኛው።

ዳኛው ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀጥ ያሉ፣ ጥርት ያሉ፣ ፀጉራቸው ቢመለጥም ኩራታቸው ያልተመለጠ ሰው ናቸው። እንደታመመች ሊጠይቋት መጥተው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ «ልኬ፣ እጅሽ እስኪድን እጠብቃለሁ። ከአንቺ ሌላ ሰው መቀስ አላስነካኝም» ብለዋት ነበር። ሌላው ደንበኛ አንድ በአንድ ወደ ሚጢጢ ጠረጴዛ ሲዞር፣ እሷ ይቺን ቃል ይዛ ቀረች። እጄ ቢድን ብላ ስታስብ የሚታያት ሌላ ምንም አይደለም፣ የዳኛው ኮት ነው።

ታዲያ አንድ አርብ ጠዋት ዳኛው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጨርቅ በብብታቸው ሸጉጠው ገቡና፣ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ወደ ሚጢጢ ዞሩ።

«ልጄ ዳኛ ሆና ልትሾም ነው» አሉ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ቃለ መሐላ ትፈጽማለች። ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ሙሉ ልብስ ትሠሪልኛለሽ?»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር ሳይሉ፣ «ልኬ፣ መቼም አይከፋሽም... ቀኑ ደረሰብኝ» አሉ።

«ኧረ ምን ሲደረግ! እንኳን ደስ አለዎት!» አለች እትዬ ልኬ። ጥርሷ ሳቀ፣ አንጀቷ አረረ።

ሚጢጢ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ «ኮትዎን ያውልቁልኝ ጋሼ» ስትላቸው ሰውዬው እንቢ አሉ። «ይበርደኛል ልጄ፤ ሌላው ልኬቴ እንደሆነ ልኬ የጻፈችው ካርድ ላይ አለ። ሆዴን ብቻ ለኪኝ፣ እሱ ነው ያስቸገረው።» ሆዳቸው ተለካ። ሄዱ።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። የዳኛው ቀኝ ትከሻ ከግራው በሁለት ጣት ዝቅ ያለ ነው። ምናልባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለቤታቸው ያውቁ ነበር ይሆናል። ከባለቤታቸው ሌላ ይሄን የምታውቅ እትዬ ልኬ ብቻ ናት። ዳኛው ራሳቸው አያውቁም! የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት መጀመሪያ የለካቻቸው ቀን አየች፣ ምላሷን ዋጠች። ጥሩ ልብስ ሰፊ ለሰው «ጎባጣ ነህ፣ አንካሳ ነህ» አይልም። ካርድ ላይም አይጽፍም፣ ካርድ ሰው እጅ ይገባል። በጭንቅላቱ ይይዝና በጨርቅ ይሸፍናል። እሷም በቀኙ ትከሻ ውስጥ ሦስት ድርብ ጥጥ፣ በግራው አንድ እያደረገች፣ የቀኙን ብብት አንድ ጣት ዝቅ አድርጋ እየቆረጠች፣ ሰውዬውን ሃያ ሁለት ዓመት ቀጥ አድርጋ አቆመቻቸው። ኮታቸውን ሁልጊዜ ራሷ ነበር የምትቆርጠው፣ ትከሻውንም ራሷ ነበር የምትሰፋው።

ሚጢጢ ሞኝ አይደለችም። ካርዱን ከሳጥኑ አውጥታ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና ወደ መስኮቱ መጣች።

«እታለም፣ ዳኛው ላይ ለየት ያለ ነገር አለ እንዴ? መቼም ለማንም ሰጥተሻቸው አታውቂም።»

ይቺን ሰዓት እትዬ ልኬ በኋላ ደጋግማ አስባታለች። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፣ ዓይኗ ደግሞ ካርዱን የያዘው አውራ ጣት ላይ አረፈ፣ ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

«ምን ይኖራል? ካርዱ ላይ ያለው ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የሞተው እጄ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም!»

«ልክ ነሽ እታለም። ይቅርታ» አለች ሚጢጢ። ማር!

ጨርቁ ለሁለት ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቆረጥ። መቀሱ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር እትዬ ልኬ ወደ ጎዳናው ፊቷን አዞረች። ልቧ እየመታ ነበር፤ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ደስ እያላት ነበር የሚመታው። ዳኛው ሲለኩት ታያት። ፊታቸው ሲኮሰተር፣ «ኤዲያ! ይሄ ምን ኮት ነው!» ሲሉ፣ ዞር ብለው «ልኬ፣ ያላንቺ አይሆንም» ሲሏት። ሦስት ቀን ይሄንን እያጣጣመች ሰነበተች። ጠዋት ሚጢጢ ተንበርክካ ጫማዋን ስታስርላት ከላይ አናቷን አየችና አሳዘነቻት። ልናገር ይሆን አለች። ልጅቷ የጫማውን ማሰሪያ በሁለት እጇ፣ ያለ ሐሳብ፣ ሸምቀቅ አድርጋ ስታስረው ባየች ጊዜ ግን መናገሩን ተወችው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዳኛው ለመጀመሪያው ልክ መጡ። አሮጌውን ኮታቸውን መስቀያው ላይ ሰቅለው፣ በነጭ ክር እንደነገሩ የተያያዘውን አዲሱን አጠለቁና መስታወቱ ፊት ቆሙ።

ዓይናቸው ቀኝ ትከሻቸው ላይ ቀረ፤ ከግራው ዝቅ ብሏል።

ሚጢጢ በስፒል ጎኑን ልትይዝ ጎንበስ እንዳለች ነው። ዳኛው ቀኝ ትከሻቸውን ከፍ አደረጉት። ወረደ። እንደገና ከፍ አደረጉት። ወረደ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸውን መለስ አድርገው መስኮቱ ሥር ያለችውን ሴት አዩ፤ ፊቷን ሳይሆን የተንጠለጠለውን እጇን።

«መቼ ነው የወደቀው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑ ጋሼ?»

«ትከሻዬ። ጠዋት ደህና ነበርኩ እኮ። ራሴ ነኝ የተላጨሁት።» ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንዲህ ነው የሚታወቀው ሲባል ሰምተው ይሆናል። «እዪኝ እስቲ፣ አንደኛው ይወርዳል? አፌስ? አፌ ተጣሟል? ስናገር ይሰማሻል?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ውሃ ላምጣልዎት። ሐኪም ቤት እንሂድ፣ መኪና ልጥራ...» ሚጢጢ ስፒሉን መሬት ላይ በትና ወንበር ጎተተችላቸው።

«ለልጄ እንዳትደውሉ!» ዳኛው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። «ቃለ መሐላዋ ይለፍላት። አደራ። ከዚያ በኋላ እንደ ልኬ ሆኜ አንድ ጥግ መቀመጤ መቼም አይቀርም።»

እትዬ ልኬ ክው አለች።

ይሄንን አላሰበችም። ኮቱ ይሰደባል፣ ሚጢጢ ትሰደባለች ብላ እንጂ፣ አንድ ጤነኛ ሽማግሌ በእሷ ምቀኝነት ፊቷ ቁጭ ብሎ ሞቱን ይጠብቃል ብላ አላሰበችም። «እንደ ልኬ» የምትለዋ ደግሞ እንደ ስፒል ወጋቻት። ሰባት ወር ሙሉ ለራሷ ስትላት የኖረች ቃል ነበረች፤ ከሰው አፍ ስትወጣ ግን እንዴት ታስጠላለች!

ወንበሩን በግራ እጇ ተደግፋ ብድግ አለች።

«ስትሮክ አይደለም» አለች። «ዳኛዬ፣ ይስሙኝ። ትከሻዎ ድሮም እንደዚሁ ነው።»

«ታጽናኚኝ ብዬ አይደለም ልኬ...»

«እኔ ላጽናናዎት? እኔ ነኝ የማጽናናው! ሚጢጢ፣ አሮጌውን ኮታቸውን አምጪ። የትከሻውን ገበር ተርትሪ።»

«እታለም፣ ተይ፣ የሰው ልብስ...»

«ተርትሪ አልኩሽ!»

ግድግዳው ሁሉ ደነገጠ ማለት ይቻላል። ሚጢጢ ምላጯን አንስታ ተረተረች። ከግራው ትከሻ አንድ ስስ ጥጥ ወጣ። ከቀኙ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወጣ። እትዬ ልኬ አንዱን ከወዲህ፣ ሦስቱን ከወዲያ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና፣ የመጀመሪያውን ቀን፣ ያኔ ለብሰውት የመጡትን ቡናማ ሹራብ ሳይቀር ነገረቻቸው።

ዳኛው ጥጡን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ሃያ ሁለት ዓመት?»

«ሃያ ሁለት ዓመት።»

«ስንቱን ሰው ቀጥ በል ብዬ ስቆጣ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ ነው?»

«እንዲህ ሆነው ነው። ከዚያ በፊትም እንዲህ ሆነው ነው የኖሩት። ማን ያዘዎት?»

ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። መጀመሪያ ሆዳቸው ተነቃነቀ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «ሰው ሲዋሸኝ ከፊቱ አውቃለሁ እያልኩ ስኩራራ፣ አንቺ ከጀርባዬ ቆመሽ ስትዋሺኝ ኖረሻል! እንግዲያ አልታመምኩም?»

«ከእኛ ሁሉ ጤነኛ ነዎት።»

ሚጢጢ ግን አልሳቀችም። ምላጯን እንደያዘች እህቷን ታያት ነበር። «ጠይቄሽ ነበር» አለች። ድምጿ የማር አልነበረም።

ዳኛውም አንዴ እሷን፣ አንዴ እትዬ ልኬን አዩ። ዳኛ ጡረታ ቢወጣም ዳኝነቱ አይወጣም መሰለኝ፣ ጀርባቸውን አቀኑና «ለምን አልነገርሻትም?» አሉ።

በሽታው አስረሳኝ ብትል ሁለቱም ያምኗት ነበር። ያምኗትና «አይዞሽ» ብለው ያንን ማር እንደገና ያፈሱባት ነበር። ሰበቡ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ልኬ ግን ማሩ አቅለሽልሿት ነበር።

«ቀንቼ» አለች።

«ምን?»

«ቀንቼ ነው ጌታዬ። በጣቷ ቀንቼ። እርስዎም ወደ እሷ ሲዞሩ ዓይኔ ደም ለበሰ። ኮቱ እንዲበላሽባት ፈልጌ ነው።»

ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ። ዳኛው ራሰ በራቸውን በመዳፋቸው ጠራረጉ። «ችሎት ላይ እንዲህ የሚያምን ሰው ባገኝ ኖሮ ፀጉሬ ባልተመለጠ» አሉና ተነሥተው መስታወቱ ፊት ቆሙ። «በይ አስተካክዪው።»

«እሷ ታስተካክልልዎታለች። ብብቱን ዝቅ ማድረግ፣ ጥጡን መጨመር ነው።»

«ትከሻዬን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እሷ ምኑን አይታው!»

«በምን እጄ?»

«ግራሽ ምን ሆነ?»

«ግራዬ አያውቅበትም።»

«እኔ በተዛነፈ ትከሻ ልጄን ለዳኝነት አብቅቻለሁ» አሉ ሰውዬው። «ይልቅ ቶሎ በይ፣ በእግሬ አታቁሚኝ።»

ጠመኔውን በግራ እጇ ያዘች። የመጀመሪያው መስመር ዶሮ የጫረው መሰለ። አራገፈችው። ሁለተኛው ብብቱን ስቶ ደረት ላይ ወጣ፤ «ኮት ልትሠሪ ነው ወይስ ካርታ ልትሥዪ?» አሏት፤ እሱንም አራገፈችው። ሦስተኛው ተንቀጥቅጧል፣ ወፍሯል፣ ግን ያለበት ቦታ ልክ ነው። ሚጢጢ ከንፈሯ ላይ ስፒል ነክሳ፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ መስመሩን ተከትላ ስፒሉን ሰካች። እትዬ ልኬ ያንን አውራ ጣት ከቅርብ አየችው። አሁንም አስቀናት። እንዲያውም የባሰ አስቀናት፣ ምክንያቱም አሁን እንደሱ ያለ ፈለገች እንጂ እንዲደነዝዝ አልፈለገችም።

ዳኛው አሮጌ ኮታቸውን ያለ ጥጡ አጠለቁ። ሚጢጢ ገበሩን ልስፋልዎት ብትላቸው «ተይው፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ አፈጣጠሬ ልሂድ» ብለው ቀኝ ትከሻቸውን ጣል አድርገው ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ ሚጢጢ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው።

«አንቺ ምቀኛ!» አለች። «አንቺ ዓይን አውጣ! ሰውዬው ልባቸው ቀጥ ብትል ምን ይውጥሽ ነበር? ሰባት ወር! ሰባት ወር ጫማሽን ሳስር፣ ክፉ እንዳይወጣኝ ምላሴን ስነክስ፣ 'ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ' ስል! ልክ አልነበርሽም! አንድ ቀን ልክ አልነበርሽም! ኳሱን ስትወረውሪው ፊትሽ ላይ መልሼ ልወረውርልሽ ምንም አልቀረኝም ነበር! አንቺ ብቻ ነሽ የምትቀኚው? በዚያ በር የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ 'ልኬ እንዴት ናት?' ብሎ ነው። የምቆርጠው እኔ፣ የምሰፋው እኔ፣ ሲወጡ 'እህትሽን ሳሚልኝ'! ምን ያስቅሻል?»

«አልሳቅኩም።»

እውነቷን ነው፣ እያለቀሰች ነበር። ግን ከደስታ ነው ብትላት ማን ያምናታል? ስድቡ ጣፈጣት። ሰባት ወር ሙሉ የራባት ይሄ ነበር። ተስፋ የቆረጡበትን ሰው ማን ይቆጣዋል? ማን ኳስ ልወርውርበት ይላል? ሚጢጢ እንዲህ የምትጮኸው ገና ብዙ ልትሠራ ስለምትችል ሴት ነው፤ እትዬ ልኬም ያቺን ሴት ካየቻት ሰንብታለች።

«ሌላስ?» አለች ሚጢጢ፣ ወገቧን ይዛ። «ካርዱ ላይ ያልጻፍሽው ሌላ ማን አለ?»

«ፋርማሲስቱ ግራ እግሩ ያጥራል።»

«ወይ ጉዴ! ሌላ?»

«ብዙ ናቸው። ነገ ልትቆርጪላት ያሰብሻት ሙሽራም...»

«ሙሽራዋ ምን ሆነች?!»

«ስትለኪያት ትንፋሿን ትይዛለች። ያንን ወገብ አምነሽ ብትቆርጪ ሠርጓ ላይ ይተረተራል።»

«ስንት ልጨምርላት?»

«ሳላያት አልናገርም።»

«እታለም!»

«ሦስት ጣት። አይ፣ አራት።»

«በሦስትና በአራት መካከል ሙሽራ ትታነቃለች! ነገ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነሽ። ያ ወንበር አበቃለት። ሁሉንም ታስጽፊኛለሽ፣ ከዚያ አሮጌ ጨርቅ ላይ በግራሽ መስመር ስታሰምሪ ትውያለሽ፣ ደከመኝ ብትዪ አልሰማሽም!»

እትዬ ልኬ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሁለት ሰዓት?» አለች። «በሁለት ሰዓት ሥራ የሚጀምር ልብስ ስፌት ቤት የት አይተሻል? አንድ ተኩል ላይ ካልተነሣሽ ጥዬሽ ነው የምሄደው። ኋላ እንጣላለን!»

«ተጣልተናል እኮ!» አለች ሚጢጢ።